በወሎ መጠጥ ለማቆም የሚረዳ ቡድን እንዴት ይገኛል? ከተገኘስ በኋላ?

«ሲስተር፣ መጠጥ ማቆም የሚፈልጉ ሰዎች የሚሰበሰቡበት ቦታ አለ ይባላል፤ በእኛ አገር የት ነው?»

በአእምሮ ሕክምና ክፍል ነርስ ሆኜ ስሠራ ይህን ጥያቄ ከደሴም፣ ከኮምቦልቻም፣ ከሐይቅም፣ ከወልድያም የመጡ ሰዎች ይጠይቁኛል። አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣውም ምርመራው አልቆ፣ ሰውየው ሊወጣ እጁን በሩ ላይ ካሳረፈ በኋላ ነው። በሩ ላይ ቆሜ የምመልሰውን ሁሉ እዚህ ጽፌዋለሁ።

እንዲህ ያለ ቡድን ታፔላ ሰቅሎ አይጠብቅዎትም። አምና የነበረ ቡድን፣ የሚመራው ባለሙያ ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወር ሊበተን ይችላል። ስለዚህ አድራሻ ከምሰጥዎት አፈላለጉን ባሳይዎት ይሻላል።

መጀመሪያ ይህን ያንብቡ፦ ማስጠንቀቂያ

በየቀኑ የሚጠጡ ከሆነ፣ በተለይም ጠዋት እጅዎ የሚንቀጠቀጥና አንድ መለኪያ ሲቀምሱ የሚረጋጋ ከሆነ፣ ቤትዎ ተቀምጠው በአንድ ቀን ቁርጥ አድርገው አያቁሙ። ለረጅም ጊዜ አልኮል የለመደ አእምሮ መጠጡ ድንገት ሲቀርበት ከልክ በላይ ይነቃል። ከመጨረሻው ብርጭቆ በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ይጀምራል። በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ውስጥ እንደ ሚጥል በሽታ አንቀጥቅጦ ሊጥል ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ አንዳንዱ ሰው ይቃዣል፤ የሌለ ሰው ያያል፣ የሌለ ድምፅ ይሰማል፣ ቀኑንና ቦታውን ይስታል። ይህ የመጨረሻው ሳይታከም ከቀረ ሊገድል ይችላል።

ስለዚህ መንፈራገጥ፣ መቃዠት፣ ከፍተኛ ትኩሳት ወይም ማቆሚያ ያጣ ማስመለስ ከታየ ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ ለአምቡላንስ የቀይ መስቀል ቁጥር 907 ነው። የቡድን ስብሰባ ለዚህ መድኃኒት አይሆንም። ሰው ሲጥለውም አፉ ውስጥ ምንም ነገር አይክተቱ፤ በጎኑ አስተኝተው አብረውት ይቆዩ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ስልክና የጆሮ ማዳመጫ (ከሩቅ ለሚሰበሰቡ)
- ትንሽ ደብተርና እስክሪብቶ
- የሚወስዷቸው መድኃኒቶች ዝርዝር፣ ወይም ካርቶናቸው ራሱ
- የደርሶ መልስ የትራንስፖርት ሂሳብ፣ ከዚያ የማይበልጥ
- ጠግቦ የበላ ሆድ
- አንድ ምስጢር የሚጠብቅ ሰው

«ከዚያ የማይበልጥ» ያልሁት በምክንያት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ኪስ ውስጥ የተረፈ ብር ከመናኸሪያው እስከ ቤት ባለው መንገድ የሚገባበት ቤት አያጣም። ረኃብም እንደዚሁ ነው፤ የራበው ሰው የመጠጥ አምሮቱን ከረኃቡ መለየት ያቅተዋል።

1. በመጀመሪያ የጤና ባለሙያ ያነጋግሩ

በአቅራቢያዎ ያለ ጤና ጣቢያ ይበቃል። ከዚያ በላይ ካስፈለገ ደሴ፣ ቦሩ ሜዳ ወይም ወልድያ ሆስፒታል ሄደው የአእምሮ ሕክምና ክፍሉን ይጠይቁ። «የአእምሮ» የሚለው ቃል ብዙ ሰው ያስፈራል፤ የመጠጥ ሱስ የሚታከመው እዚያ ስለሆነ ነው እንጂ ማንም እብድ አይልዎትም።

በቀን ምን ያህል፣ ምን ዓይነት መጠጥ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሚጠጡ ሳይቀንሱ ይናገሩ። ጠላና አረቄ አንድ አይደሉም፤ የአረቄ አንድ መለኪያ የያዘው አልኮል ከመጠኑ ጋር አይመጣጠንም። ሐኪሙ የሚያዘው የማስታገሻ መጠን በሚነግሩት ልክ ነው። ግማሹን ከደበቁ መድኃኒቱ አያዝዎትም። ከጦርነቱ ጊዜ ጀምሮ እንቅልፍ የሚነሣ ቅዠት ካለብዎትም አብረው ይንገሩ፤ ለመተኛት ብሎ የሚጠጣ ሰው ቅዠቱ ሳይታከም መጠጡ ብቻ ቢቀር ብዙ አይቆይም።

ታያሚን የሚባለውን ቫይታሚን ቢ1 ቢያዙልዎት ቸል አይበሉት። ብዙ የሚጠጣ ሰው ምግብ ይዘላል፣ የበላውም በወጉ ወደ ደሙ አይገባለትም። የዚህ ቫይታሚን እጥረት አእምሮን ለዘለቄታው ሊጎዳ ይችላል።

ጠበል ለመግባት ያሰቡ ሰዎች ይህን ደረጃ ባይዘሉት እመርጣለሁ። በባዶ ሆድ፣ በብርድ፣ ከሕክምና ርቆ ሦስተኛው ቀን ላይ መድረስ ከላይ የጻፍሁትን አደጋ ያባብሰዋል። ሐኪሙን አይተው፣ የታዘዘውን ይዘው ይሂዱ፤ ጠበሉን ሲጠመቁ መድኃኒቱን አያቋርጡ።

2. ቡድኑን ያፈላልጉ

በዚህ ቅደም ተከተል ይጠይቁ፦

ሀ) የታከሙበትን የአእምሮ ሕክምና ክፍል። አንዳንድ ክፍሎች ታካሚዎቻቸውን በቡድን ያወያያሉ። ባይኖራቸው እንኳ «ቡድን ቢጀመር መምጣት እፈልጋለሁ» ብለው ስልክዎን ይተዉ። አምስት ሰው እንዲህ ካለ ባለሙያው ቡድን የሚጀምርበት ምክንያት ያገኛል።

ለ) የሃይማኖት አባትዎን። የንስሐ አባት ወይም የመስጊድ ኢማም በድብቅ የሚታገሉ ሌሎች ሰዎችን ያውቃሉ። የሰዎቹን ስም አይጠይቋቸው፤ የእርስዎን ስልክ እንዲያደርሱልዎት ይጠይቁ። በተለይ ሙስሊም ሆነው የሚጠጡ ሰዎች ኀፍረቱ ድርብ ስለሚሆንባቸው ማንም ሳያውቅ ይቆያሉ፤ ምስጢር በመጠበቅ የሚታወቅ ሽማግሌ ይምረጡ።

ሐ) አዲስ አበባን። አልኮሆሊክስ አኖኒመስ፣ በአጭሩ ኤኤ የሚባለው፣ መጠጥ ማቆም የሚፈልጉ ሰዎች እርስ በርስ የሚረዳዱበት ማኅበር እዚያ ስብሰባ አለው። አማኑኤል ሆስፒታልም በሱስ ሕክምና ረጅም ልምድ አለው፤ ወደዚያ ከተላኩ ሲመለሱ የት መሰብሰብ እንደሚችሉ ሳይጠይቁ አይውጡ።

መ) ጎረቤት ከተማን። የደሴ ሰው ወደ ኮምቦልቻ፣ የኮምቦልቻ ሰው ወደ ደሴ መሄድ ይችላል፤ መንገዱ አንድ ሰዓት እንኳ አይፈጅም። ሰው ያየኛል ብሎ የሚፈራ ሰው ብዙ ጊዜ የሚመጣው በዚህ መንገድ ነው።

3. ከመሄድዎ በፊት ደውለው ይጠይቁ

ስምዎን ሳይናገሩ እንዲህ ማለት ይችላሉ፦ «ጤና ይስጥልኝ። መጠጥ ለማቆም የሚሰበሰብ ቡድን እናንተ ጋር እንዳለ ሰምቼ ነው። ለአዲስ ሰው ክፍት ነው ወይ?» ከዚያ እነዚህን ያጣሩ፦ ቀንና ሰዓቱ፣ ክፍሉ የት እንደሆነ፣ ማን እንደሚመራው፣ ስም ይመዘገብ እንደሆነ፣ ቤተሰብ ይዞ መግባት ይቻል እንደሆነ።

ክፍት ስብሰባ የሚባለው ማንም መጥቶ የሚያዳምጥበት ነው፤ ዝግ የሚባለው መጠጥ ማቆም ለሚፈልጉ ብቻ ነው። ለመጀመሪያ ቀን ከቤተሰብ ጋር መምጣት ከፈለጉ ክፍቱን ይምረጡ። በኤኤ የአባልነት መስፈርቱ አንድ ብቻ ነው፦ መጠጥ ለማቆም መፈለግ። መዋጮው በፈቃደኝነት ነው። መግቢያ ብር የሚጠይቅ፣ «በሰባት ቀን አድንሃለሁ» የሚል ወይም ስሙ ያልታወቀ መድኃኒት የሚሸጥ ሰው ካጋጠመዎት ስልኩን ይዝጉ።

4. የመጀመሪያው ቀን

ሩብ ሰዓት ቀድመው ይድረሱ። ዘግይቶ የሚገባ ሰው ሁሉም ዞር ብሎ ያየዋል፤ ያ ዕይታ ብዙ ሰው ከበር ይመልሳል። ቀድሞ የደረሰ ግን ወንበር መርጦ ይቀመጣል፣ የሚገቡትንም አንድ በአንድ ያያል። መንገድዎን አስቀድመው ያስቡበት፤ የለመዱት አረቄ ቤት ወይም ግሮሰሪ ያለበትን መንገድ ትተው ዙሪያውን ይሂዱ። በተለይ የገበያ ቀን ከሆነ፣ ማለትም ባቲ ሰኞ፣ ላሊበላ ቅዳሜ፣ ከገጠር የመጣ ዘመድ እጅዎን ይዞ ጠላ ቤት ሊያስገባዎት ይችላል። «ሐኪም ቀጥሮኛል» ይበሉና ይለፉ።

ጠጥተው ከሆነስ? ረብሻ እስካላነሡ ድረስ ይሂዱ፤ የሚናገሩበት ጊዜ ሌላ ቀን ይሆናል፣ ዛሬ ያዳምጡ። ስካሩ ከባድ ከሆነ ግን ሰው ይዞዎት ወደ ቤት ይመለሱና በማግሥቱ ይደውሉ።

5. ውስጥ ምን ይደረጋል?

ሰዎች የሚፈሩት ይህን ነው፣ በተግባር ግን ቀላሉ ይህ ነው። ወንበሮች በክብ ይደረደራሉ። መሪው ደንቡን ያነብባል፦ እዚህ የተሰማ እዚህ ይቀራል፣ አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም፣ ማንም ማንንም አይመክርም። ከዚያ ተራ በተራ ይነገራል። ቡና ካለ ስኒው ግማሽ ድረስ ብቻ ሲቀዳ ያያሉ፤ ከተሰብሳቢው መካከል እጁ ገና የሚንቀጠቀጥ ስለማይጠፋና በሰው ፊት እንዳይደፋበት ነው።

ተራው ሲደርስዎት የመጀመሪያ ስምዎ ይበቃል። የአባት ስም፣ ሰፈር፣ የሥራ ቦታ አያስፈልግም። መናገር ካልፈለጉ «ዛሬ መስማት እፈልጋለሁ» ይበሉ፤ ማንም አይጫንዎትም። መናገር ከፈለጉ ስለ ራስዎ ብቻ ይናገሩ፦ ምን እንደሚጠጡ፣ መቼ እንደሚያምርዎት፣ ዛሬ ምን እንዳመጣዎት። ስለ ሚስትዎ፣ ስለ አለቃዎ፣ ስለ ኑሮ ውድነቱ ጥፋት ማውራት ጊዜውን ይበላዋል፤ ሰሚውም በዚያ ሊረዳዎት አይችልም። «አትምከር» የሚለው ደንብ ለእኛ አገር ሰው ከባድ ነው፤ ሽምግልና ያሳደገን ሰዎች ነንና ችግር ስንሰማ አፋችን ይበላናል። ነገር ግን የተመከረ ሰው በሚቀጥለው ሳምንት ምክሩን ካልፈጸመ አፍሮ ይቀራል፤ የተሰማ ሰው ግን ይመለሳል።

የሚያውቁት ሰው ቢያገኙስ? ደሴ ውስጥ ይህ አይቀሬ ነው። እርሱም እርስዎን ለመሰለል አልመጣም፤ የመጣው ለዚያው ጉዳይ ነው። ሰላም ይበሉትና ይቀመጡ። ውጭ ስትገናኙ ስብሰባውን በሰው ፊት አያንሡ።

በአንድ ቀን አይፍረዱ። የመጀመሪያውን ቀን ብዙ ሰው የሚያስታውሰው የልብ ምቱን ብቻ ነው። ቢያንስ አምስት ስድስት ጊዜ ከሄዱ በኋላ ካልተስማማዎት ሌላ ቡድን ይፈልጉ።

6. የሚደውሉለት ሰው ይያዙ

ስብሰባው በሳምንት አንዴ ነው፤ አምሮቱ ግን ቀጠሮ አይጠብቅም። ስለዚህ ከእርስዎ ቀድሞ ካቆሙት ውስጥ ከእርስዎ ጋር አንድ ጾታ የሆነ ሰው መርጠው ስልኩን ይጠይቁ፤ የፍቅር ጉዳይ ከመጣ ሁለታችሁም መንገድ ትስታላችሁ። የሚደውሉት ከጠጡ በኋላ ሳይሆን ከመጠጣትዎ በፊት ነው። አምሮቱ እንደ ማዕበል ከፍ ብሎ ዝቅ ይላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ሰዓት አያልፍም። የስልክ ወሬው ያንን ጊዜ ያሳልፋል። ደብተሩ የሚጠቅመውም ለዚህ ነው፦ አምሮቱ የመጣበትን ሰዓት፣ ቦታና አብሮዎት የነበረውን ሰው ይጻፉ። በሁለት ሳምንት ውስጥ የእርስዎ ክፉ ሰዓት የትኛው እንደሆነ ከደብተሩ ያነቡታል።

7. በስልክ መሰብሰብ

በአካል የሚገኝ ቡድን ከሌለ የኤኤ ስብሰባዎች ዙም በሚባለው የኢንተርኔት መሰብሰቢያ ቀንም ሌሊትም አሉ። አብዛኞቹ በእንግሊዝኛ ናቸው፤ መስማት ከቻሉ መናገር ግዴታ አይደለም። ከመግባትዎ በፊት በስልክዎ ላይ የሚታየውን ሙሉ ስም ወደ መጀመሪያ ስም ይቀይሩ፣ ካሜራውን ያጥፉ፣ የጆሮ ማዳመጫ ያድርጉ። ካሜራ ሲጠፋ ዳታውም ብዙ አይበላም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሰዓቱን ነው። ሰዓቱ በግሪንዊች (GMT) ከተጻፈ ከቁጥሩ ላይ 3 ይቀንሱ፣ ከ12 ከበለጠ 12 ይቀንሱ፤ የእኛ ሰዓት ይወጣል። ለምሳሌ 18:30 ቢል ማታ 3:30 ነው። 17:00 ከሆነ ማታ 2 ሰዓት። አሜሪካና አውሮፓ ደግሞ በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን በአንድ ሰዓት ወደፊትና ወደኋላ ይገፋሉ፤ የለመዱት ስብሰባ ድንገት ባዶ ከሆነብዎት ተሰርዞ ሳይሆን በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

8. ቡድን ከሌለ ይጀምሩ

ሦስት ሰው ይበቃል። ወሎ ውስጥ ቅሬን፣ ማለትም እድርን፣ የማያውቅ ሰው የለምና አደረጃጀቱ አያስቸግርም፦ ቋሚ ቀን፣ ቋሚ ቦታ፣ የሚመራ ሰው። ከቅሬ የማይወሰዱ ሁለት ነገሮች ግን አሉ፤ የስም ጥሪና መቅጫ። ቅሬ የቀረን ሰው ይቀጣል፤ እዚህ የቀረ ሰው ምናልባት የጠጣ ሰው ነው፣ መቅጫ ከጠበቀው ጨርሶ አይመለስም። የስም መዝገብም አይያዝ፤ የጠፋ ደብተር የሰውን ትዳርና እንጀራ ሊያሳጣ ይችላል።

ቦታው መጠጥ የሚሸጥበት ሆቴል አይሁን። የጤና ጣቢያ አዳራሽ፣ በሰንበት ባዶ የሆነ የትምህርት ቤት ክፍል ይሻላል። የማንም ሃይማኖት ተቋም ባይሆን ደግሞ ሁሉም ሳይሸማቀቅ ይመጣል። አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል። ከጤና ባለሙያ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ አዲስ የሚመጣ ሰው መንቀጥቀጥ ካለበት ለማን እንደምትልኩት የምታውቁት ያን ጊዜ ነው።

ጠላ ጠምቀው ወይም አረቄ አውጥተው የሚተዳደሩ ሴቶችም ይመጣሉ። «ሥራሽን ተዪ» ማለት ቀላል ነው፤ ልጆቿን ምን ታብላ? መጀመሪያ መቅመሱን ለሌላ ሰው እንድትሰጥ፣ ከደንበኛ ጋር አብሮ መጎንጨቱን እንድታቆም ያግዟት። ሴቶቹ ለብቻቸው መሰብሰብ ከመረጡም ይመቻችላቸው፤ በወንድ ፊት የማይነገር ብዙ ነገር አለ።

9. ለድግስና ለጾም ፍቺ ቀን ይዘጋጁ

ሁዳዴን ሙሉ ያልጠጣ ሰው በፋሲካ ሌሊት ይጀምራል፤ ረመዳንን የታገሠ በዒድ። የጥር ሠርግም አለ። ለእነዚህ ቀናት አስቀድመው ከሚደውሉለት ሰው ጋር ሰዓት ይቀጣጠሩ። ድግስ ቤት ሲገቡ እጅዎ ባዶ አይሁን፤ ባዶ እጅ ያየ አስተናጋጅ ጠላ ያስይዝዎታል። ሻይ ወይም አምቦ ውኃ ይያዙ። ብርዝ ከቀረበልዎት መቼ እንደተበጠበጠ ይጠይቁ፤ ያደረ ብርዝ መፍላት ይጀምራል። የድግሱ ባለቤት ስትለምንዎት «እትዬ፣ መድኃኒት ላይ ነኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ይሁን» ማለት ይበቃል። ክርክር ውስጥ አይግቡ።

የተለመዱ ስህተቶች

*«በጾም ስለማቆም ሱሰኛ አይደለሁም» ማለት።* ጥያቄው ለስንት ቀን ማቆም ቻሉ ሳይሆን ከጀመሩ በኋላ መጠኑን መወሰን ይችላሉ ወይ ነው። በየቀኑ የሚጠጣ ሰው ደግሞ በጾም መግቢያ ድንገት ሲያቆም ከላይ ያስጠነቀቅሁት አደጋ ሊመጣበት ይችላል።

*«ለደሴ ብርድ አንዲት መለኪያ»።* አልኮል የቆዳን የደም ሥር ስለሚያሰፋ ሙቀት የመጣ ይመስላል፤ በእውነቱ ግን የሰውነት ሙቀት በቆዳ በኩል ይወጣል። ጋቢ ይደርቡ።

*መጠጡን በጫት መተካት።* ጫት እንቅልፍ ይነሣል፤ እንቅልፍ ለማምጣት ደግሞ ጨብሲ፣ ማለትም ምርቃናውን በመጠጥ መስበር፣ ይከተላል። በዚህ በር ተመልሰው የገቡ ብዙ ናቸው።

*ከጠጡ በኋላ መቅረት።* አንድ ቀን ቢጠጡ በሚቀጥለው ስብሰባ ይገኙና ይናገሩ። ቡድኑ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልግዎት በዚያ ሳምንት ነው።

*ዲያዜፓም የሚባለውን ማረጋጊያ ክኒን ከጓደኛ ወስዶ መዋጥ።* ከመጠጥ ጋር ሲደባለቅ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። ሐኪም በመጠን ሲሰጠው መድኃኒት ነው፣ ከጓደኛ ኪስ ሲወጣ አይደለም።

ለቤተሰብ

እናቶችና ሚስቶች በብዛት የሚጠይቁኝ «በወጡ ውስጥ የምጨምርለት መድኃኒት የለም?» ብለው ነው። አይደረግም። ዳይሰልፊራም የሚባለው መድኃኒት የወሰደ ሰው ሲጠጣ ፊቱ ይቀላል፣ ልቡ ይመታል፣ ያስመልሰዋል፣ የደም ግፊቱ ይወርዳል፤ ሳያውቅ ከወሰደውና ከጠጣ ሊሞት ይችላል። የሚሰጠው አውቆና ፈቅዶ ለሚወስድ፣ ቢያንስ 12 ሰዓት ላልጠጣ ሰው፣ በሐኪም ክትትል ብቻ ነው።

ጎትተውም አይውሰዱት። ሳይሰክር፣ ጠዋት፣ ልጆች በሌሉበት ያነጋግሩት፤ ቀኑንና ቦታውን ጽፈው ይስጡት፤ ቢፈልግ እስከ በሩ እንደሚሸኙት ይንገሩት። ካልሄደ እርስዎ ይሂዱ። ክፍት ስብሰባ ላይ ገብተው ማዳመጥ ይችላሉ። የጠጪ ቤተሰቦች ለብቻቸው የሚሰበሰቡበት አል-አኖን የሚባል ማኅበርም በኢንተርኔት ስብሰባዎች አሉት፤ ወደዚያ ለመግባት እርሱ ማቆም አለማቆሙን ማንም አይጠይቅዎትም።